እርጥብ ጥጥ፣ የጋለ ሽቦ፦ በጠብታ የሚሠራው አቶማይዘርና እንክብካቤው

በጠብታ የሚሠራ አቶማይዘር፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን (የቬፕን) ፈሳሽ ወደ ተን የሚለውጠው ክፍል፣ ታንክ የለውም። ፈሳሹ ያለው በተጠቃሚው እጅ በያዘው ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ መሣሪያው ላይ ያለው በተጠቀለለ ሽቦ መሐል ያለፈ ቁራጭ ጥጥ ብቻ ነው። ተጠቃሚው ክዳኑን ወደ ላይ ስቦ ያወጣል፣ የጠርሙሱን ቀጭን አፍ ወደ ጥጡ ያስጠጋል፣ አራት አምስት ጠብታ ያንጠባጥባል። ጥጡ መጥጦ እስኪያብረቀርቅ ይጠብቅና ክዳኑን መልሶ ቁልፉን ይጫናል። ሽቦው ቸስ ይላል፤ ወፍራም ነጭ ተን ይወጣል። ከጥቂት ስበት በኋላ ጣዕሙ ይሳሳል፣ ተኑም ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ክዳኑ እንደገና ይነሣል። ቬፕ የሚጠቀሙ ሰዎች አሠራሩን ድሪፒንግ፣ መሣሪያውን ደግሞ ድሪፐር ይሉታል።

ባለ ታንክ ቬፕ ሽቦውን በፋብሪካ አስጠቅልሎ፣ ጥጡንም በራሱ እያረጠበ ይሠራል። ድሪፐር ግን ሁለቱንም ሥራ ለእጅ ይተወዋል። ሽቦውን የሚጠቀልለው፣ ጥጡን የሚቆርጠው፣ መቼ እንደሚያንጠባጥብ የሚወስነው፣ ባትሪው ስንት አምፔር እንደሚችል የሚያውቀው ወይም የማያውቀው ሰውየው ነው። ስለዚህ ደህና የተያዘና ችላ የተባለ ድሪፐር፣ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ ቢወጡም፣ ወደ ሳንባ የሚልኩት ነገር አንድ አይደለም።

ልማዱ የተወለደው ከመሣሪያው ጉድለት ነው። ትምባሆ ሳያቃጥሉ ትኩስ ተን የመሳብ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ኸርበርት ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1963 ለዚህ የፈጠራ መብት ጠይቀው ነበር። ገበያ የደረሰው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ቻይናዊው የመድኃኒት ባለሙያ ሆን ሊክ በ2003 በሠሩት መሣሪያ ነው። ራሳቸው ከባድ አጫሽ የነበሩት ሆን ሊክ መጀመሪያ ፈሳሹን የሚበትኑት ከጆሮ አቅም በላይ በሆነ የድምፅ ንዝረት ነበር፤ ኋላ ግን በኤሌክትሪክ የሚግል ሽቦ ቦታውን ያዘ። ወደ አሜሪካና አውሮፓ የተላኩት የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ሦስት ክፍል ነበራቸው፦ ባትሪ፣ አቶማይዘር፣ እንዲሁም በስፖንጅ መሰል ነገር ተሞልቶ ፈሳሽ የሚይዝ ቀፎ። ቀፎው ፈሳሹን በደንብ ይይዛል፤ ክፋቱ መልቀቁ ላይ ነው። ገና ግማሹ ሳያልቅ ሽቦው ጋ የሚደርሰው ፈሳሽ ያንስና አፍ ውስጥ የተቃጠለ ጣዕም ይመጣል።

ተጠቃሚዎች ቀፎውን ነቅለው ጣሉት። ፈሳሹን በቀጥታ አቶማይዘሩ ውስጥ ማንጠባጠብ ጀመሩ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ከሽቦው በላይ እንደ ድልድይ የተቀመጠችውን የብረት ወንፊት በወረንጦ እየጎተቱ አወጡ፤ ጠብታው ያለ ከልካይ ሽቦው ላይ እንዲያርፍ። ሻጮችም ገባቸውና ከላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው፣ ሳይነቀል የሚንጠባጠብበት የአፍ ጫፍ ማቅረብ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ከነበሩት አቶማይዘሮች አንዱ 510 የሚባለው ነበር። አቶማይዘሩ ራሱ ከተረሳ ቆይቷል፤ ባትሪው ላይ የሚጠመዘዝበት፣ 7 ሚሊሜትር ስፋትና ግማሽ ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት ያለው መግጠሚያ ግን እስከ ዛሬ የአብዛኛው ድሪፐርና ታንክ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል።

እነዚያ አቶማይዘሮች አይፈቱም ነበር። ውስጣቸው ሲቆሽሽ በፈላ ውኃ ይቀቀላሉ፣ በአልኮል ይዘፈዘፋሉ፣ ያም ካልሠራ ይጣላሉ። ሽቦውንና ጥጡን በእጅ መቀየር የሚያስችለው ባለ ጠብታ አቶማይዘር የመጣው ይህን ችግር ለመፍታት ነው።

አንድ ድሪፐር ሲፈታ የሚታየው ጥቂት ነገር ነው። ከታች ክብ የብረት ወለል አለ፤ በላዩ ሽቦው የሚታሰርባቸው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ምሰሶዎች ቆመዋል። አንደኛው ከወለሉ ጋር የተያያዘ የኔጌቲቭ ጫፍ ነው፤ ሌላኛው ፖዘቲቭ ስለሆነ ከወለሉ በሙቀት ቻይ ፕላስቲክ ተለይቷል። ይህች የፕላስቲክ ቀለበት ርካሽ ብትሆንም ከተሰነጠቀች ወይም ከቀለጠች ኮረንቲው በሽቦው ሳያልፍ ሾርት ያደርጋል። በምሰሶዎቹ ዙሪያ ትርፍ ፈሳሽ የሚያርፍበት ጎድጓዳ አለ። ከላይ የአየር ቀዳዳ ያለው ክዳንና የአፍ ጫፍ ይገጠማሉ፤ ክዳኑን የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች ናቸው። አንዳንዱ ድሪፐር ከታች ውስጡ ክፍት የሆነ መሐለኛ ቪቴ አለው፤ በባትሪው ቤት ውስጥ የተቀመጠች ለስላሳ ጠርሙስ ስትጨመቅ ፈሳሹ በዚያ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ክዳን መክፈት አያስፈልግም።

ለሽቦው የሚመረጡት ብረቶች ከቬፕ በፊት የነበሩ የምድጃና የማሞቂያ ብረቶች ናቸው። ኒክሮም የተባለው የኒኬልና የክሮሚየም ቅልቅል አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ መብት ያገኙበት ነው። ካንታል የሚባለው የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅልቅል ደግሞ ከስዊድኗ ሃልስታሃማር ከተማ በ1931 የመጣ ነው። ካንታል ሲግል ላዩ ላይ ስስ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ያወጣል፤ ሽፋኑም ውስጡን ከመበላት ይጠብቀዋል። አይዝግ ብረት፣ ንጹሕ ኒኬልና ቲታኒየምም ይሠራባቸዋል። እነዚህ ሲግሉ ሬዚስታንሳቸው በሚለካ መጠን ይጨምራል፤ መቆጣጠሪያ ያለው መሣሪያ ያን ለውጥ እያነበበ ሙቀቱን ይገታል። ኒኬልና ቲታኒየም ግን ያለ ጥጥ እስኪቀሉ መጋል የለባቸውም፤ ሙቀትን በመቆጣጠር እንጂ በዋት ብቻ አይነዱም።

ሽቦው ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ሚሊሜትር በሚወፍር ዘንግ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይጠቀለላል። ሁለቱ ጫፎች ምሰሶዎቹ ውስጥ ገብተው በካቻቪቴ ይጠብቃሉ፤ ትርፉ ከሥሩ ይቆረጣል። ትርፉን አስተካክሎ መቁረጥ ለውበት ሲባል የሚደረግ አይደለም፤ የቀረ ጫፍ ክዳኑን ከነካ ሾርት ነው። ከዚያ ሬዚስታንሱ ይለካል። ልኩ ሳይታወቅ ቁልፍ መጫን ተገቢ አይደለም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ልኩ ደህና ከሆነ ሽቦው በዝቅተኛ ኃይል ለአፍታ እየበራ ይታያል። አንዱ ዙር ቀድሞ ከቀላ ኃይል ተቋርጦ በሴራሚክ ወረንጦ ቀስ ተብሎ ይታሻል፣ ይጨመቃል፤ ቅላቱ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ሁለቱም ጫፍ እኩል መሄድ እስኪጀምር ይደጋገማል። እኩል ያልጋለ ሽቦ አንዱ ቦታ ላይ ጥጡን እያሳረረ ሌላው ቦታ ላይ ፈሳሹን አያተንም።

ጥጡ ከሁሉ ቀላል ይመስላል፤ ብዙው ስሕተት የሚሠራው ግን እዚሁ ነው። ያልተነከረ፣ ሽታ የሌለው ንጹሕ ጥጥ ተፈትሎ በሽቦው ውስጥ ሲጎተት ትንሽ ሊይዝ ይገባል፤ ሽቦውን የሚያጣምም ከሆነ በዝቷል፣ ሳይነካ የሚያልፍ ከሆነ አንሷል። የበዛ ጥጥ ፈሳሹን ያንቃል፤ ያነሰ ጥጥ ከሽቦው ጋር ስለማይነካካ ባዶው ቦታ ላይ ሽቦው ያለ ልክ ይግላል። ሁለቱ ጫፎች ተቆርጠው፣ በወረንጦ ሳሳ ተደርገው ወደ ጎድጓዳው ይገባሉ፤ የአየር ቀዳዳውን ግን መድፈን የለባቸውም። የመጀመሪያው ጠብታ ሽቦውም ላይ፣ ሁለቱም የጥጥ ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት፤ መሐሉ ረጥቦ ጫፉ ደርቆ ከተጀመረ በሦስተኛው ስበት ላይ መሐሉም ይደርቃል።

ጥጡ ርጥብ መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው ቀላል የፊዚክስ ነገር ነው። የቬፕ ፈሳሽ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው፤ የመጀመሪያው በ188 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሁለተኛው በ290 ይፈላል፤ ቅልቅላቸው በመሐል ይውላል። ሽቦው በፈሳሽ እስከተከበበ ድረስ የሚገባው ኃይል ፈሳሹን ወደ ተን በመለወጥ ስለሚያልቅ ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ ብዙ አይርቅም። ፈሳሹ ሲያልቅ ግን ኃይሉ መሄጃ ያጣል፤ የሽቦው ሙቀት በሰከንድ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ጋዝ ያለቀበት የኩራዝ ክር ራሱን እንደሚበላ ሁሉ ጥጡም መቃጠል ይጀምራል፤ የቀረው ግሊሰሪንና ግላይኮልም ከመትነን ይልቅ ይፈራርሳል። ከፍርስራሹ ውስጥ ፎርማልዲሃይድ፣ አሴታልዲሃይድና ዓይንና ጉሮሮ የሚቆጠቁጠው አክሮሊን ይገኛሉ። ፎርማልዲሃይድ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው።

ይህ ጉዳይ በሳይንቲስቶች መካከል ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ባወጡት አጭር ጽሑፍ አንድ ቬፕ በ3.3 ቮልት ሲሠራ ፎርማልዲሃይድ ሰጪ ውሑድ እንዳላገኙ፣ በ5 ቮልት ግን ብዙ እንዳገኙ ገለጹ። ግሪካዊው የልብ ሐኪም ኮንስታንቲኖስ ፋርሳሊኖስና ባልደረቦቻቸው በዚያው ዓመት መለሱ፦ አልዲሃይዱ በገፍ የሚወጣው ጥጡ ሲደርቅ ነው፤ ያን ጊዜ የሚመጣውን የተቃጠለ ጣዕም ደግሞ ሰው ታግሦ አይስበውም። በቀጥታ ጠብታን የመረመሩት ግን በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በ2016 ባሳተሙት ጥናት የ510 ዓይነት አቶማይዘር በማሽን እያሳቡ በሁለት ጠብታ መካከል የሚወሰደውን የስበት ቁጥር ለዋወጡ። ስበቱ በበዛ፣ ጠብታው በዘገየ ቁጥር ሽቦው ይበልጥ ጋለ፤ የአልዲሃይዱም መጠን ከተለመደው ቬፕ አልፎ ከሲጋራም የበለጠበት ጊዜ ነበር።

ጥናቶቹ የሚቃረኑ ቢመስሉም የሚነግሩት አንድ ነገር ነው፤ ወሳኙ የጥጡ እርጥበት ነው። በጣዕም ብቻ መተማመን ግን አይበቃም። ጥጡ በአንድ ጊዜ አይደርቅም፤ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚደርቀው፣ ጣፋጭና ብርቱ ቃና ያለው ፈሳሽ ደግሞ የመቃጠልን መጀመሪያ ይሸፍናል። ጉሮሮ ሲቆጠቆጥ ማንጠባጠብ የዘገየ ማንጠባጠብ ነው። ልምድ ያላቸው ተጠቃሚዎች ጣዕሙ ሳሳ ሲል፣ ወይም ከዚያም ቀድመው፣ ክዳኑን ያነሣሉ።

እንክብካቤው የሚጀምረው መሣሪያው ገና ከሳጥኑ እንደወጣ ነው። አዲስ ድሪፐር ብረቱ ሲቆረጥ የተቀባው የማሽን ዘይት ሊቀርበት ይችላል፤ ያ ዘይት ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ተፈትቶ፣ የጎማ ቀለበቶቹ ወጥተው፣ በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ መቆየት አለበት። በአልኮል የሚያጸዳ ሰው የአክሪሊክ ክዳንና የአፍ ጫፍን ቢለይ ይሻላል፤ አልኮል አክሪሊክን ይሰነጥቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በፈሳሹ ላይ የተመሠረተ ነው። ንጹሕና ጣፋጭ ያልበዛበት ፈሳሽ ጥጡን ለቀናት ሳያበላሽ ሊቆይ ይችላል። ሱክራሎዝ የተጨመረበት፣ ጠቆር ያለ ፈሳሽ ግን ሽቦው ላይ ካራሜል እየሆነ ይጋገራል፤ በአንድ ቀን ቡናማ፣ ቆይቶም ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ሙቀትን ይዞ ስለሚያስቀር ከሥሩ ያለው ሽቦ ያለ ልክ ይግላል፤ ፈሳሽም አይደርሰውም። ጥጡ መሐል ላይ ከጠቆረ ወይም ሽታው ከተለወጠ መቀየር ነው። ከመሣሪያው ሁሉ ጥጥ ርካሹ ነው፤ በጥጥ ላይ መቆጠብ በሳንባ ላይ መቆጠብ ይሆናል።

ሽቦውን ለማጽዳት የታወቀው መንገድ ያለ ጥጥ ማጋል ነው። ጥጡ ከወጣ በኋላ ሽቦው በዝቅተኛ ኃይል ለአፍታ ለአፍታ ይበራል፤ ቅርፊቱ ጨሶ አመድ ይሆናል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በትንሽ ብሩሽ ተጠርጎ በውኃ ይለቀለቃል። በዚህ ጊዜ የሚወጣውን ጭስ አለመሳብ ነው፤ መስኮት መክፈትም ይገባል። ነገር ግን በብርቱ ኃይል ደጋግሞ ማጋል ብረቱን ያለዋውጠዋል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ከ56 ተጠቃሚዎች መሣሪያ የወሰዱትን ተን ሲመረምሩ ክሮሚየም፣ ኒኬልና እርሳስ በጠርሙሱ ካለው ፈሳሽ ይልቅ በተኑ ውስጥ ከፍ ብለው አገኟቸው፤ ፈሳሹ ብረቱን የሚያገኘው ከጋለው ሽቦ ጋር ሲነካካ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ግሎ የጸዳ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ሽቦ ከማዳን ይልቅ አዲስ መጠቅለል ይመረጣል።

በየጽዳቱ ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችም ይታያሉ። መጋልና መቀዝቀዝ ሲፈራረቅ ቪቴዎቹ ይላላሉ፤ ቁጥሩ የሚዋልል ሬዚስታንስ የዚህ ምልክት ነው። የደረቀ የጎማ ቀለበት ክዳኑን አይዝም። ከመጠን በላይ የተንጠባጠበ ፈሳሽ በአየር ቀዳዳው ይወጣል፤ ድሪፐር ተጋድሞ ከተቀመጠ ደግሞ መፍሰሱ አይቀርም። በ510 መግጠሚያው ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ በጥጥ በተጠቀለለ ቀጭን እንጨት መጠረግ አለበት፤ እዚያ ውስጥ የቀረ እርጥበት ኮረንቲውን ያዛባል።

ከዚህ በኋላ ያለው የባትሪ ጉዳይ ሕይወት የሚጠፋበት ነው። ሙሉ የተሞላ የሊቲየም ባትሪ 4.2 ቮልት አለው። በ0.5 ኦም ሽቦ 8.4 አምፔር፣ ማለትም 35 ዋት ገደማ ይሰጣል። ሽቦው 0.2 ኦም ከሆነ 21 አምፔርና 88 ዋት ይጠይቃል፤ 0.1 ኦም ላይ ሲደርስ 42 አምፔር ነው። ብዙዎቹ 18650 የሚባሉት፣ 18 ሚሊሜትር ስፋትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው ባትሪዎች ያለማቋረጥ በደህና የሚሰጡት 20 አምፔር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ያለው መሣሪያ ከአቅም በላይ የተጠየቀውን ይከለክላል። መቆጣጠሪያ የሌለው ሜካኒካል ቱቦ ግን ባትሪውንና ሽቦውን በቀጥታ ያገናኛል፤ ሾርት ቢሆንም አይቆምም። በአንዳንዱ ቱቦ የአቶማይዘሩ መሐለኛ ቪቴ በቀጥታ ባትሪው አናት ላይ ያርፋል፤ ቪቴው ከጥርሱ በላይ ብቅ ያላለ ድሪፐር እዚያ ላይ ከተጠመዘዘ ባትሪው ወዲያው ሾርት ይሆናል።

የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2009 እስከ 2016 በመገናኛ ብዙኃን የተዘገቡ 195 የቬፕ እሳትና ፍንዳታዎችን ቆጥሯል፤ 38ቱ ከባድ ጉዳት አድርሰዋል። በግንቦት 2018 በፍሎሪዳ ሴንት ፒተርስበርግ፣ በጥር 2019 ደግሞ በቴክሳስ ፎርት ወርዝ አንድ አንድ ሰው በፈነዳ መሣሪያ ሞቷል። የላስቲክ ሽፋኑ የተቀደደ ባትሪ አይሠራበትም፤ ባትሪ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ አይገባም፤ ልኩ ያልታወቀ ሽቦ በሜካኒካል ቱቦ ላይ አይበራም። ጀማሪ ሜካኒካል ቱቦ ፈጽሞ መያዝ የለበትም።

የጠርሙሱም ነገር እንዲሁ ነው። ሌላው ተጠቃሚ ጠርሙስ የሚከፍተው ታንክ ሲሞላ ብቻ ሲሆን፣ ድሪፐር የያዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲከፍት ሲዘጋ ይውላል፤ ፈሳሹም ጣት ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ኒኮቲን በቆዳ ይገባል። ድሪፐር በአንድ ስበት ብዙ ፈሳሽ ስለሚያተን ለትንንሽ መሣሪያ የተሠራ፣ ኒኮቲኑ የበረታ ፈሳሽ ሲገባበት ማቅለሽለሽና ማዞር ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ፈሳሹ በሚሊሊትር ከ20 ሚሊግራም ኒኮቲን እንዳይበልጥ፣ መሙያ ጠርሙሱም ከ10 ሚሊሊትር እንዳይተልቅ ወስኗል። በታኅሣሥ 2014 በኒው ዮርክ ግዛት አንድ ሕፃን ፈሳሽ ኒኮቲን ጠጥቶ ሞተ፤ በጥር 2016 የጸደቀው የአሜሪካ ሕግ ጠርሙሶቹ ሕፃናት ሊከፍቱት በማይችሉት ክዳን እንዲታሸጉ አስገድዷል። ክዳኑ የሚጠብቀው ግን ሲዘጋ ነው። በጠብታ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ጠርሙሱን ለመክፈት እንዲቀለው በቀላሉ ወደሚያንጠባጥብ ሌላ ዕቃ የመገልበጥ ልማድ አለው፤ ልጅ ባለበት ቤት ይህ መደረግ የለበትም።

ልጆች የሚጎዱት ከጠርሙሱ ብቻ አይደለም። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ፔዲያትሪክስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በኮኔቲከት ስምንት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቬፕ ሞክረው ከነበሩት 1,080 ተማሪዎች 26.1 በመቶው በጠብታ ሞክረው እንደነበር ተናግረዋል። ከምክንያቶቻቸው ቀዳሚው ወፍራም ተን ነው፤ ጣዕም ተከትሎት ይመጣል። አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሽቦ እየጠቀለለ፣ አምፔር ሳያሰላ፣ ደርቆ የከሰለ ጥጥ ሲስብ መታየቱ ወላጅንም መምህርንም ሊያሳስብ ይገባል። ሲጋራም ቬፕም የማይጠቀም ሰው፣ ወጣትም ይሁን ጎልማሳ፣ ይህን ነገር የሚጀምርበት አንድም ምክንያት የለም።

ሕጉም ከአገር አገር ይለያል። በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ የኒኮቲን መስጫ መሣሪያዎችን ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ይከለክላል። ኳታርም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከልክላለች። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ግን በሚያዝያ 2019 ሽያጩን ፈቅዳለች። ከዱባይ ወደ ዶሃ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መንገደኛ በዚያ በሕጋዊ መደብር የገዛው ድሪፐርና ጠርሙስ በሚደርስበት አገር የተከለከለ ዕቃ ነው።